ፍንጭቷን እንዳትረሳ

እኔ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ነቃይ አይደለሁም፤ የሚነቅሉት ሐኪሞቹ ናቸው፣ ምስጋናውም የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። እኔ ከክሊኒኩ ጓሮ፣ መስኮቷ ግድግዳ በምታይ ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ የሰው ድድ በጀሶ እየቀረጽኩ በሰም ላይ ጥርስ እደረድራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው አፉን ነው፤ የቱ ጥርስ የራሱ፣ የቱ የተገጠመለት እንደሆነ ከመንገድ ማዶ እለያለሁ። ጥርስ የሌለው አፍ ወደ ውስጥ እንደሚሰምጥ፣ ባለቤቱም ሳያኮርፍ ያኮረፈ እንደሚመስል ለስንቱ ቤተሰብ አስረድቻለሁ። ይህን የምናገረው እዩኝ ለማለት አይደለም። ቆይታችሁ «ታዲያ ይህ ሰውዬ ዓይኑ የት ነበር?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው።

ያን ቅዳሜ ወደ ትልቁ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ እርሾና ሽቦ። እርሾ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ስሙ የወጣለት ግን በሙያው ሳይሆን በጠባዩ ነው፤ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ቶሎ ይተነፍሳል። ሽቦ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ክሳቱን ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣለት አይችልም። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ያደግን ነን። ያስተማረንም አባቴ ነው። እነሱ እስከ ዛሬ ጋሼ እያሉ በአንቱታ ነው የሚጠሩት። አንዳችን መልስ ስናጉተመትም በማስመሪያው ጫፍ ትከሻችንን መታ አድርጎ «አፍህን ከፍተህ ተናገር» ይለን ነበር።

ገበያው የሚቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሥራ ባቆመ የሲሚንቶ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው። ከእኛ ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ ይሆናል። ሽቦ የድሮ ሬዲዮ አንጀት ሊፈልግ፣ እርሾ እንደ ልብ የማይገኝ የዳቦ ቅርጽ ማውጫ ብረት ሊገዛ ነበር። እኔ የምገዛው የለኝም። «ፊትህ ደንበኛ ያባርራል፣ ንፋስ ይምታህ» ብለው ጎትተው ነው ያወጡኝ። በእርሾ የዳቦ መኪና ጋቢና ሦስታችንም ተጣብበን ተቀመጥን፤ ሽቦ መሐል ሆኖ፣ እርሾ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጉልበቱን ወደ እኔ ያዞራል። ከኋላ ባዶ የዳቦ ሣጥኖች ይንኳኳሉ። ከከተማ እስክንወጣ ድረስ ሳቅ በሳቅ ነበርን።

ሳቁ የቆመው ወንዙ ዘንድ ያለው መታጠፊያ ላይ ነው። እዚያ ነጭ አጥር ያለው የአረጋውያን መጦሪያ አለ። እርሾ ፍሬኑን ያዝ አደረገና ጋሼን ሰላም ብለን እንለፍ አለ። «ስንመለስ» አልኩት። ስንመለስ ይመሻል አለኝ። «ስንመለስ አልኩህ!» አልኩት፤ እሱም ኩፍ አለ። አባትና ልጅ እኩል ልጅ ሆናችሁ፣ አንዱ ትልቅ ይሁን እንጂ፣ እያለ መሪውን በጥፊ መታው። መኪናው መታጠፊያውን አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሲያስተምር ዕድሜውን የፈጀ፣ በአንደበቱ የሚኮራ ሰው ነው። ፍንጭት ነበር። ጥርሱ ሲያልቅበት የሠራሁለት እኔ ነኝ። የሆቴል ሳህን የመሰለ ጥርስ እንዳልሠራለት አስጠነቀቀኝ። «ፍንጭቷን እንዳትረሳ፣ እናትህ የወደደችኝ በእሷ ነው» አለኝ። አልረሳሁም። ከፊት ፍንጭቷን አወጣሁለት፤ የግራው ክራንቻም እንደ ድሮው ጎረቤቱን ትንሽ ገፍቶ እንዲወጣ አደረግሁ። ከእጄ ከወጣው ሁሉ እንደዚያ ያለ ሥራ የለኝም።

በኋላ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው፤ ቀን ሥራ ነኝ። መጦሪያ አስገባሁት። በሁለተኛው ወር ልጠይቀው ስሄድ፣ አብሮት በሚተኛው ሽማግሌና በእንግዶቹ ፊት፣ ወላጁን እንደ አሮጌ ወንበር አውጥቶ የሚጥል ልጅ ማስተማሩን ነገረኝ። ሰው ፊት መሆኑ አንገበገበኝ። «ይህን የምትናገርበትን ጥርስ እንኳ የሠራሁልህ እኔ ነኝ» አልኩት። አባቴ አፉን ገጠመ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው የለም።

ከወር በኋላ ተመልሼ ስሄድ አብሮት የሚተኛው ሽማግሌ ሞቶ አልጋው ባዶ ሆኗል። አባቴ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ወደ ግድግዳ ዞረ። ብለምነው፣ ብቆጣው አንዲት ቃል አልወጣውም። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አርብ አርብ የእርሾን ዳቦ፣ ያንን ቅርፊቱ ጠንከር ያለውን የሚወደውን፣ በአውቶቡስ ሹፌር እልክለታለሁ፤ ሹፌሩ በር ላይ ጥሎለት ያልፋል። ይህ የእኔ ይቅርታ መጠየቂያ ነበር። የመጦሪያው አስታማሚ ደውላ ምግብ አዳራሽ አልመጣ እንዳለ፣ እየከሳ እንደሆነ፣ ዳቦውንም መሳቢያ ውስጥ ከመክተት በቀር ሲበላው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ይቅርታዬን መሳቢያ ውስጥ ከተተው ማለት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። የአኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል፣ ሲርበው ይበላል አልኳት። ቀጥሎ ስትደውል ስልኩን ማንሳት ተውኩ።

ገበያው ጫፍ የለውም። ቁልፍ የሌለው ጓንጉላ፣ አንድ እግር ጫማ፣ የማይታወቅ ሰው የሠርግ ፎቶ ከነመስታወቱ፣ የሕፃን አልጋ፣ ክራንች። ሽቦ ሬዲዮ ባየ ቁጥር እንደ ሐኪም ጆሮውን ይለጥፍበታል። እርሾ የዳቦ ብረቱን አግኝቶ ኩርፊያውን ረስቶ ነበር። እኔም የሰው ዕቃ እያየሁ ትንሽ ቀለል አለኝ። ወደ ግቢው ጥግ ስንደርስ ሽቦ በእጁ ጠራኝና «ና፣ ዘመዶችህን ላስተዋውቅህ» አለኝ።

የወንድ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ናት። መሬት ላይ በዘረጋችው ሸራ አንድ የተላላጠ ትሪ አስቀምጣለች፤ ትሪው ላይ መነጽሮች፣ ሁለት የመስሚያ መርጃ፣ ሰባት ስምንት ሰው ሠራሽ ጥርስ ተከምሯል። ቁጭ ብዬ ማሾፍ ጀመርኩ። ይህን የሠራው አናጢ ነው፣ የዚህ ባለቤት ምላሱን ነክሶ ነው የኖረው እያልኩ አንድ በአንድ አነሳለሁ። እነሱ ይስቃሉ። አምስተኛውን ሳነሳ ፍንጭት ነበረው።

ጥርሱን ገለበጥኩት። የግራው ክራንቻ ጎረቤቱን ገፍቶ ወጥቷል። በላንቃው በኩል በመርፌ የጫርኳት የእኔ ምልክት አለች። ሽቦ ፊቴን አይቶ ሳቁን አቋረጠ።

ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኳት። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ካለው መጦሪያ በካርቶን እንደመጣላት፣ ሦስት ወር እንደሚሆነው ነገረችኝ።

«ባለቤቱስ?» አልኳት።

«ባለቤቱ ሲሞት ነዋ የሚሰጡን፣ ወንድሜ» አለችኝ። «በሕይወት ያለ ሰው ጥርሱን ምን ብሎ ይሰጣል?»

ስልኬን አወጣሁ። ከመጦሪያው የተደወለ ሰባት ጥሪ አለ፤ ሰባቱንም አይቼ የተውኳቸው ናቸው። ደወልኩ። ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ደግሜ ደወልኩ። እርሾ የዳቦ ብረቱን እዚያው ጥሎ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደኝ።

በመንገድ ላይ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልዬ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ሞቷል፣ ነግረውኛል፣ እኔ ግን ስልክ ለማንሳት ኮርቻለሁ። ለሞተ ሰው አርብ አርብ ዳቦ እየላክሁ ከርሜያለሁ። ያንን ያህል መንገድ ሙሉ አባቴን በልቤ ቀበርኩት፤ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

አስታማሚዋ ወጣት ሴት ናት። ኮሪደር ላይ አግኝታን፣ ሞተ ወይ ብዬ ስጠይቃት ደነገጠች። «ኧረ አሉ፣ ክፍላቸው ናቸው» አለች። ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። መሐረቡን ፈትቼ ሳሳያት አላወቀችውም። እሷ ሥራ የጀመረችው አብሮት የሚተኛው ሽማግሌ በሞተ ሳምንት ነው። የሟቹን ዕቃ የሰበሰቡት ከእሷ በፊት የነበሩት ናቸው። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ያለችው አንድ ጠረጴዛ ናት፤ አባቴ ተኝቶ ሳለ በላይዋ ያለውን ሁሉ፣ ሰዓቱንም፣ መነጽሩንም፣ ጥርስ ያለበትንም ብርጭቆ፣ የሟች ነው ብለው ካርቶን ውስጥ ከትተውታል። መዝገቡ ላይ «ጥርስ የለውም» ተብሎ ተጽፏል። የጻፈችው እሷ ነች፤ ያየችውን ነው የጻፈችው። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ እሷ ጥርስ ሠሪ አይደለችም።

አባቴ ወደ ግድግዳ እንደዞረ ነበር፤ ብርድ ልብሱ እስከ አፍንጫው። ከሥሩ ያለው ሰውነት የልጅ ያህል ነው። እርሾና ሽቦ በሩ ላይ ቆሙ። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ጥርሱን በመዳፌ አድርጌ በዓይኑ ፊት ያዝኩለት። ብዙ አየው።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

ብርድ ልብሱን ቀስ ብሎ አወረደው። አፉ ሰምጧል፤ ከንፈሮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ያ ሁሉ ኩርፊያ ያልኩት ይህ ነበር። ቃሉ እንደ ንፋስ እየሾለከ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ መጣ።

«ጥርሶቹ የኔ ናቸው ብለኸኝ የለ» አለ።

አለቀስኩ። ጓደኞቼ እያዩ፣ አስታማሚዋ እያየች አለቀስኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ግን ረስቼው እንኳ አልነበረም፣ እሱ ይርሳው ብዬ ነው የጠበቅሁት። ይቅር በለኝ አልኩት። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ከዚያ እንደ ተማሪ አፉን ከፈተልኝ።

ጥርሱን አጥቤ አስገባሁለት። አልያዘም። ወደ ታች ወደቀ። ደግሜ ጫን አድርጌ ሞከርኩ፤ ደግሞ ወደቀ። ይህንንም አውቀው ነበር። ጥርስ ያላረፈበት ድድ ይከሳል፤ እንደ ሰው ይከሳል። በዚያ ላይ ሰውየው ራሱ ከስቷል። በዓለም ላይ ያለኝ ምርጥ ሥራ ለአባቴ አፍ ሰፍቶ ነበር።

ሌላ መሐረብ ስፈልግ መሳቢያውን ሳብኩት። ዳቦዎቹ እዚያ ናቸው፤ ተደርድረዋል። አንዱን ሳነሳው ቀለለኝ። ገለበጥኩት። ከሥሩ በጣት ተቦርቡሮ፣ ልቡ ወጥቶ አልቋል፤ የቀረው እንደ ድንጋይ የጠነከረው ቅርፊት ብቻ ነው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ሰው በሌለበት ልባቸውን እየበላ፣ ቅርፊታቸው አልታኘክ ሲለው ከመጣል አስቀምጧቸዋል። እርሾ አንዱን ከእጄ ተቀብሎ አየውና ፊቱን አዙሮ ወጣ።

በማግስቱ ጀሶዬን ይዤ ተመልሼ የአፉን ልክ ወሰድኩ። ስጨርስ እጄን ያዘኝ። «ፍንጭቷን እንዳትረሳ» አለኝ፤ የሳቀም መሰለኝ።

የሌላውን ሰው ሥራ ሁሉ ገፍቼ የእሱን ብቻ ሠራሁ። እርሾ በየቀኑ ወተት ውስጥ የሚሟሟ ለስላሳ ዳቦ ያደርስለት ነበር፤ አባቴ ግን ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀምሶ ይበቃኛል ይላል። ሆዱ መቀበል ተወ፤ ቀጥሎ ሳንባው ታመመ። ጥርሱን ማክሰኞ ከሰዓት አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ለሮብ ጠዋት ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሮብ ማለዳ ስልኩ ጠራ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት።

ሊያጥቡት የገቡትን ሰዎች አንድ ጊዜ ጠብቁኝ አልኳቸው። አገጩን ገና አላሰሩትም ነበር። ጥርሱን ከብርጭቆው አውጥቼ አስገባሁለት። ልክክ አለ። እንዲህ ልክክ ያለ ጥርስ ለማንም ሠርቼ አላውቅም። ከንፈሮቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ፊቱ ላይ የከረመው ኩርፊያ ጠፋ። ሽቦ ከኋላዬ ሆኖ «ይኸው ፍንጭታቸው» አለ። ሁሉም እኔ አንድ ነገር እስክል ጠበቁ፤ እኔ ግን አፌን ከፍቼ መናገር አቃተኝ።