ወደ ቦዩ የሚወርደው

ቼላንጋት የሙቀት መለኪያውን ከቱቦው አፍ ሥር ያዘችና ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀች። ሰማንያ አራት ዲግሪ። የሻይ ቅጠሉን አድርቆ የጨረሰው እንፋሎት ውኃ ሆኖ ከፋብሪካው ጀርባ እየጨሰ ወደ ቦዩ ይወርዳል። በቦዩ ዳር ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ።

አገሪቱ ምን ያህል ኃይል ከብክነት ማዳን እንደምትችል እንዲያጠኑ ከናይሮቢ ከተላኩት መሐንዲሶች አንዷ ናት። ይህ አሥራ አንደኛ ፋብሪካዋ ነው። በቀደሙት አሥሩ ያገኘችውን ብክነት የሚጠቀምበት ሰው አልነበረም።

«ቅጹ ላይ ጻፍሽው?» አለ አራፕ ሲጌይ፣ የእንፋሎት ማፍያው የቦይለሩ ኃላፊ።

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ተይው። ማለዳውን ታውቂዋለሽ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን የሚያጥቡት በዚህ ውኃ ነው። አገር በአንድ ቱቦ አይደኸይም።»

በሐሳቧ አሰላች። ውኃው እንደሞቀ ወደ ቦይለሩ ቢመለስ ከሚነደው ስምንት ግንድ አንዱ ይተርፋል። ስትመጣ በማገዶ ቆረጣ የተራቆተውን ኮረብታ አይታለች። ሲጌይም ያውቀዋል፤ ባሕር ዛፉን እሳት ውስጥ የሚያስጨምረው እሱ ነው።

ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች፦ «ሊመለስ የሚችል።» ያኔውኑ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሄድ ትችል ነበር። ወደ ሴቶቹ ወረደች።

ከፊት የተቀመጡት ሰፈሩ ሁሉ «ኮጎ»፣ አያቴ፣ የሚላቸው ታፕኪገን ነበሩ።

«ኮጎ፣ ይህ ውኃ ሊቆም ነው። ቱቦው ወደ ውስጥ ይዙር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ወደ እሷ ዞሩ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለች ከኋላ አንዷ።

«የአራፕ ቦሬ። ከሶቲክ፣ ከዚሁ ቅርብ።»

«የኛው ጉድ ናት! ፈረንጅ ቢሆን ባልከፋኝ።»

ኮጎ ዝም በሉ እንደማለት እጃቸውን አነሡ። ቅጠል የለቀሙበት ጣታቸው ጫፉ ተሰነጣጥቆ ጠቁሯል።

«መቼ ነው የሚቆመው?»

«ከተፈቀደ... ዓመት፣ ሁለት ዓመት።»

«ምራቴ በመጪው ወር ትወልዳለች» አሉ ኮጎ። «እሷ እንኳን ለልጇ መታጠቢያ ትደርስበታለች።»

አንዷ ሳቋ አመለጣት። ሌሎቹ አልሳቁም።

የኮጎ ጀሪካን ሞላ። የታጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ጀርባቸው ላይ አመቻችተው ጎንበስ አሉ።

«በይ አሸክሚኝ። ተጠንቀቂ፣ ያቃጥላል።»

ቼላንጋት ቅጹን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ጀሪካኑን በሁለት እጇ አነሣች። ሙቀቱ በሸሚዟ አልፎ ደረቷን ነካት። ኮጎ ጀርባ ላይ ስታሳርፈው የጀሪካኑ ማንገቻ ገመድ ግንባራቸው ላይ ጠበቅ አለ። ቀና ሳይሉ ዳገቱን ተያያዙት፤ ተከታይዋ ሴት ቼላንጋትን በክንዷ ገፋ አድርጋ ጀሪካኗን ወደሚወርደው ውኃ አስጠጋች።