ግንበኛው ኪሮሽ ሲይዝ

«ለበዓል ሰሞን እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ መያዝ ዘና ያደርጋል፤ ራስ ያሳርፋል» ብላ ነበር ክር ሻጯ፣ ወፍራሙን የሱፍ ክር በሁለት ፌስታል እያጨቀች። ዘና! እስቲ አሁን ትምጣና የእታለምን ዘና ማለት ትመልከተው። በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ብርድ ልብሱ ገና ከወገቡ አላለፈም፣ የእታለም ቀኝ እጅ ደግሞ ከጣቶቿ ሥር እስከ ክርኗ በጄሶ ተገንዞ ትራስ ላይ ተጋድሟል።

እጇን የሰበራት ሌላ አይደለም፣ ያው ክሩ ነው። የጀመረችው ልቃቂት ሲያልቅባት፣ ሁለተኛውን ፌስታል ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ላውርድ ብላ በርጩማ ላይ ወጣች። «ኧረ ባልሽን ጥሪው» የሚላት ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አትሰማም። በርጩማው ወዲህ፣ እሷ ወዲያ። ክሩ ምንም ሳይሆን ሆዷ ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ። ማንም አልጻፈውም፣ እታለም ግን አጉድላው አታውቅም። ልጅ ከቤት ወጥቶ የራሱን ጎጆ ሲይዝ፣ በመጀመሪያው በዓል እሷ በእጇ የሠራችው የኪሮሽ ብርድ ልብስ ይሰጠዋል። ትልቁ ልጇ ወስዷል፣ መካከለኛዋ ወስዳለች፣ ሦስተኛውም ወስዷል። የቀረችው ትንሿ ናት። ትንሿ ከሁለት ወር በፊት ከምትሠራበት ፋርማሲ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ፍራሽና ምድጃዋን ጭና ወጥታለች።

ትንሿን ደግሞ እታለም አልወለደቻትም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እታለም ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ይዛ፣ ግንበኛው ሚስቱ ሞታበት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ይዞ ነው የተጋቡት። ልጅቱ መጀመሪያ በመጣችበት ቀን ምን ብላ እንደምትጠራት ግራ ሲገባት ከራሷ አውጥታ «እታለም» አለቻት፤ ዛሬ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ ባሏም ሳይቀር በዚሁ ነው የሚጠራት። እሷና ልጅቱ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ግን የእንጀራ እናት መሆን ማለት ዕድሜ ልክ ፈተና ላይ ተቀምጦ መኖር ነው። ለአራት ልጅ ዳቦ ሲቆረስ የማንኛው ተለቅ እንዳለ የሚያይ ዓይን አለ፤ ወይም ያለ ይመስላል። ስለዚህ እታለም የትንሿን ብርድ ልብስ ስትጀምር ከሌሎቹ በሦስት ስንዝር አሰፋችው። እኩል ብሠራው ያነሰ ይመስላታል ብላ ፈራች። ለማንም አልተናገረችም። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይባላል፤ እሷ አራት እያሏት እንቅልፍ የነሳቻት አንዷ ናት።

እና ያ ስፋት ነው ጊዜውን ሁሉ የበላው።

ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ» ብሎ ሲያሰናብታት፣ ግንበኛው ቤት ሲገቡ ጄሶውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

«ልስኑ ጥሩ ነው» አለ። «እዚህ ጠርዙ ጋ ግን ሰውዬው ቸኩሏል።»

«አንተ ሰው፣ እኔ ሞቻለሁ አንተ ስለ ልስን ታወራለህ!»

ምን ይሻላል ተባለ። ከሱቅ ይገዛ? አይሆንም፤ ለሦስቱ የእናት እጅ፣ ለእሷ የፋብሪካ? ጎረቤት ታግዝ? እሱም አይሆንም፤ ለሦስቱ እናት፣ ለእሷ ሰፈር? አለች እታለም። ግንበኛው ጺሙን እያከከ «እኔስ?» አለ።

እታለም ሳቀች። ጄሶው ትራሱ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ሰውየው በሥራው ዓለም «ቱምቢ» ነው የሚባለው፤ ቱምቢ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ለማየት በሲባጎ የሚያንጠለጥሉት ክብደት ነው። አርባ ዓመት ሲገነባ አንድ ግድግዳ ተንጋዶበት አያውቅም። ጉልበቱ ታምሞ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሥራ ጠፍቶ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሦስት ጊዜ ነቅሎ ሦስት ጊዜ መልሷል።

«ሳቂ» አለ። «ረድፍ በረድፍ ላይ አይደል እንዴ? ይሄንን እኔ ነኝ የማውቀው።»

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። እታለም ሶፋው ላይ አሠሪ ሆና ተሰየመች፣ ቱምቢ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ክሩን ጣትህ ላይ ጠምጥም። ኪሮሹን ቀለበቱ ውስጥ አስገባ። ያዝ። አሁን ቀስ ብለህ ሳብ… ኧረ ቀስ! ምነው፣ ከጉድጓድ ውኃ ነው እንዴ የምትቀዳው!»

«አልወጣም ሲል ምን ላድርገው?»

«ለምነው!»

እስከ ምሳ ድረስ አሥራ አንድ ቀለበት ሠራ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «በዚህ አያያዝህ የሚያልቀው ለልጅ ልጆቿ ነው» አለችው። እሱም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለና ሻይ ጠየቀ። የቀን ሠራተኛ እንኳ የሻይ ሰዓት አለው ብሎ ተሟገተ። እሷም እያጉተመተመች በአንድ እጇ አፈላችለት።

እውነትም ሰውየው ለመደው። በሳምንቱ ጣቶቹ ራሳቸው መንገዱን አወቁት፤ በየረድፉ መጨረሻ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ጠርዝ አንድ አንድ ጭረት ይጥላል። ከቁርስ በኋላ ሳይጠሩት ይቀመጣል። ሰው እንዳያየው ግን ነፍሱን ይሰጣል። አንድ ቀን የድሮ የሥራ ጓደኛው፣ አናጢው፣ ሳያንኳኳ ሲገባ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ተቀመጠበት። ኪሮሹም የት እንደገባ እግዜር ይወቀው፤ አናጢው ስለ በር ማጠፊያ ግማሽ ሰዓት ሲያወራ ቱምቢ ላቡ እየተንቆረቆረ «እ… እውነትህን ነው… እ…» ይላል። እታለም ሳቋን ለመያዝ ወጥ ቤት ገብታ ቀረች። የሚገርመው፣ በእነዚያ ቀናት ቤቱ ደስ አላት። ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደዚህ ያወሩበትን ዘመን አታስታውስም። ክር ሻጯ ለካ ሙሉ በሙሉ አልዋሸችም።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ቱምቢ የመጨረሻውን ረድፍ ጨረሰና ብርድ ልብሱን በኩራት አልጋው ላይ ዘረጋው።

እታለም በቁሟ ደረቀች።

የእሷ ግማሽ ከአልጋው ተርፎ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላል፤ ለስላሳ፣ ልል ያለ። የእሱ ግማሽ ከጀመረበት ረድፍ አንሥቶ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ከዚያ ቀጥ ብሏል። ዳር እስከ ዳር የወይን ጠርሙስ መስሏል።

«ምን አደረግከው?»

«ምን አደረግሁት? መቶ ስልሳ ቀለበት አላልሽኝም? በየረድፉ መቶ ስልሳ ነው! ቁጠሪው! አንድ አልጎደለም!»

በግራ እጇ ዳሰሰችው። ጠንካራ፣ ድርቅ ያለ፤ እግር መጥረጊያ ነው። እያንዳንዷን ቀለበት ብረት እንደሚያስር ሰው ጥርቅም አድርጎ ስቧታል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች፣ ግን ስታለው እንባዋ መጣ።

«ልል ግንብ ይፈርሳላ!» አለ እሱ፤ ቀጥሎ ፊቷን ሲያይ አጠገቧ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ነገረችው። ሦስት ስንዝር ማስፋቷን፣ ለምን እንዳሰፋችው። ልጅቱ ዘርግታ ስታየው፣ ስታነጻጽረው፣ ምንም ሳትል አጥፋ ስታስቀምጠው ስንት ጊዜ በዓይነ ሕሊናዋ እንዳየች።

«የኔ ልጅ እኮ አትለካም» አለ ቱምቢ።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ምን ጊዜም ቁራሹን የምሰጣት እኔ ነኝ።»

ልፍታው አለ። መቼ ተፈትቶ መቼ ሊሠራ! ረጥቦ ይሳብ አሉና አረጠቡት፤ እሱ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በግራ እጇ በሌላው ጫፍ ይዘው ሳሎኑ ውስጥ ገመድ ጉተታ ገጠሙ። ሲደርቅ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አለች እታለም፣ ሰፊው ወገን ከላይ እንዲሆን አድርጋ አጠፈችው፣ በወረቀት ጠቀለለችው፣ የመጣው ይምጣ አለች።

የበዓሉ ዕለት ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ትልቁ መጣ፣ መካከለኛዋ መጣች፣ ሦስተኛው ዘግይቶ መጣ። ትንሿ ኬክ ይዛ፣ የፋርማሲውን ነጭ ጋውን በእጇ ላይ አንጠልጥላ ደረሰች። ምሳው ተበልቶ ጥቅሉ ሲሰጣት ወረቀቱን ቀስ ብላ ፈታችና ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

ሁሉም አጎንብሰው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ትልቁ። «ብርድ ልብስ ነው ቀሚስ?»

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ቱምቢ እጁን አወጣ። «ጠባቡ የኔ ነው» አለ፣ «አንድ ቀለበት አልጎደለውም!» ሳቁ ባሰ። ሦስተኛው መሬት ላይ ሊንከባለል ምንም አልቀረው።

ትንሿ ግን አልሳቀችም። በጠባቡ ጫፍ ተንበረከከች። አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ዳሩ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ አንሥታ አስከተለች፣ ደግማ አስከተለች።

በስንዝር ትለካለች።

ይህን ሁሉ ዓመት የፈራችው ነገር እውነት ኖሯል፤ ልጅቱ ትለካ ነበር። «ልጄ፣ እጄ ተሰብሮ ነው እኮ…» ልትል ስትል ልጅቱ ቀደመቻት።

«አሥራ አንድ» አለች ትንሿ። በጉልበቷ ወደ ሰፊው ጫፍ ሄደች። ከዳር ጀምራ ለካች። ጨረሰች፣ ቆመች፣ የተሳሳተች ይመስል ከሌላው ወገን እንደገና ጀመረች። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ።

«የሦስታችሁንም ለክቻቸዋለሁ» አለች ራሷን ሳታነሣ። «እታለም እየሠራች አልጋ ላይ ስትተወው፣ ቤት ሰው ሳይኖር። የሁላችሁም አሥራ አንድ ነው።»

«ይኸው!» አለ ቱምቢ። «የኔ ልክ ነው አላልኩም?»

«ያንተ ልክ ነው አባባ። ልክ እንደነሱ ነው።» ከዚያ ወደ እታለም ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ያንቺ ወገን ግን አሥራ አራት ነው።»

«አዎ» አለች እታለም።

«ክር ተርፎሽ ነው?»

አዎ ብትል ያልፍ ነበር። «አይደለም» አለች። «ፈርቼ ነው። እኩል ብሠራው ያነሰ እንዳይመስልሽ ፈርቼ ነው።»

ትንሿ የብርድ ልብሱን ሰፊ ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ጭኗ ላይ ሰበሰበችው።

«እኔ ደግሞ የፈራሁት አሥር እንዳይሆን ነበር» አለች። «አሥር ቢሆንም ደስ እንዳለኝ ሆኜ አመሰግናለሁ ብዬ፣ ለራሴ ነግሬ ነው የመጣሁት።»

«አሥር?» አለች እታለም። ከሶፋው ተነሥታ፣ የተሰበረ እጇን ረስታ፣ ወለሉ ላይ አጠገቧ ዘጭ አለች። «አሥር? ለልጄ? አሥር ስንዝር?» በግራ መዳፏ የትንሿን ጀርባ በቁጣ መታ አደረገችው፤ ከዚያም እጇን ከዚያ ሳታነሣ ቆየች።