ቅርንፉድ ያቆየው ሰው

አባቴ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በታላቅ ወንድሜ ሱቅ መስታወት ላይ በተለጠፈው ፎቶ ግን ሰማንያ ሰባት ሞልቶታል። ወንድም ጋሼ ፎቶውን ባሳተመ ቁጥር ሦስት አራት ዓመት ይጨምርለታል፤ በዚህ አያያዙ እኛ ሳንወለድ ጡረታ ሊያወጣው ነው። ከሥሩ «ሐኪም ቤት ደጅ ያልረገጠ፣ ቅርንፉድ ያቆየው ሰው» ይላል።

ወንድም ጋሼ ድሮ እንደማንኛውም ቅመም ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን ስልኩ ላይ «አንቲኦክሲደንት» የምትል ቃል አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ቅርንፉድ ከቅመም ሁሉ ይበልጣል፣ ሰውነትን ከእርጅና ይከላከላል እያለ ዱቄቱንም ዘይቱንም በብልቃጥ ይቸበችብ ጀመር። ነገሩ ከነጭራሹ ውሸት አይደለም፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ጥሩ ነገር እንደተገኘበት አባዬን ያየው ሐኪምም በኋላ ነግሮናል። ገዢ ግን ቤተ ሙከራ አይታየውም፣ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አባዬን ከጓዳ አውጥቶ ሱቁ መሀል ወንበር ላይ ጎለተው። ደንበኞች እጁን እየዳበሱ ዕድሜውን ይጠይቁታል፤ እሱም የተባለውን ይነግራቸዋል።

አባዬ ስኳር አለበት። የእግሩ ጣት ሲቆስል ሐኪም ቤት እንውሰደው ብዬ ለመንኩ። ወንድም ጋሼ ሰው ቢያየውስ፣ እንጀራዬን ልትዘጊ ነው ወይ ብሎ ጮኸብኝ። ቁስሉ ላይ ያልተበረዘ የቅርንፉድ ዘይት ያፈስበት ነበር። ዘይቱ የታመመ ጥርስ እንደሚያደነዝዘው እግሩንም አደነዘዘው፤ አባዬም ተሻለኝ አለ። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ደግሞ ቅርንፉዱ ሸፈነለት። ገዢዎቹ ሱቁ እንዴት ደስ ይላል፣ እንዴት ያውዳል ይሉ ነበር።

ካልሲውን ያወለቅኩለት ዕለት ጣቱ ከሰል መስሏል። ታክሲ ጠርቼ፣ ወንድሜን አፌ እንዳመጣልኝ ሰድቤ፣ አባዬን ደግፌ ወሰድኩት። ወንድም ጋሼ በመኪናው ተከትሎን ደረሰ። ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? አባዬን ሰው እንዳይለየው ኮፍያና ጥቁር መነጽር! ነርሷ ግን ገና በሩ ላይ ለየችው፤ ለእናቷ ዘይቱን የምትገዛ ደንበኛ ነበረች።

ሐኪሙ ዘይቱ ቁስሉን እንዳቃጠለው ነገረን። ያም ሆኖ የተዘጋውን የደም ሥር በረጅም ቀዶ ጥገና ከፍቶ እግሩን ማትረፍ ይቻል ይሆናል አለ። ሰማንያ ላለፈ ሰው ግን አይሞክረውም፤ ልብ አይችለውም፤ ከጉልበት በላይ ቆርጦ ቶሎ መጨረስ ነው። ከዚያ ዕድሜውን ጠየቀ።

«ስልሳ ዘጠኝ» አልኩ።

«ሰማንያ ስምንት» አለ ወንድም ጋሼ፣ ነርሷን እያየ። ጭራሽ አንድ ጨመረበት!

የአባዬን መታወቂያ ሲጠየቅ ጠፍቷል አለ፤ ኪሱ ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ። ይዋሻል ብዬ ጮህኩ። እሱ እቴ! እህቴ ደንግጣ ነው፣ ይቅርታ አድርጉላት ብሎ ትከሻዬን አቀፈኝ። የዚያን ቀን እንደጠላሁት ሰው ጠልቼ አላውቅም። አባዬ ደግሞ ስኳሩ አጎሳቁሎት መቶም ቢሉት ይታመናል። ሐኪሙ ሰለቸው፤ መጥቼ ራሳቸውን እጠይቃለሁ ብሎ ከነርሷ ጋር ወጣ። ወንድም ጋሼም ስልኩ ጠርቶ ተከተላቸው።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረው። እግርህ እኮ ነው» አልኩት።

«ተናግሬ የት ልግባ? የማድረው እሱ ቤት ነው።»

«እኔ ጋ ትመጣለህ።»

«ባልሽስ?»

ባለፈው ሊያድር መጥቶ በማግስቱ ባሌ ፍራሹን ጠቅልሎ በር ላይ አቁሞበታል። አባዬ ያን ዕለት ቁርስ ሳይቀምስ ነው የሄደው። እጁን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። እሱም እጄን መታ መታ አድርጎ ለቀቀኝ።

ሁሉም ተመልሰው ገቡ። ሐኪሙ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለው።

አባዬ ወንድም ጋሼ ያጠለቀለትን ጥቁር መነጽር አስተካከለ። ለደንበኛ በሚያወራበት ድምፁ «ሰማንያ ስምንት፣ ልጄ» አለ።

ሐኪሙ ጻፈ። ወንድም ጋሼ ግንባሩን ሳመው። ነርሷም ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ እየሳበችለት «ዕድሜ ይስጥዎት፣ አባባ» አለችው።

«አሜን» አለ አባዬ።