ሁለት ኪሎ እርሳስ

ሚዛኑ የሚሉት ሰው የጠላቂ ቀበቶውን ከማንጠልጠያው ሲያነሳ ክንዱ ወደ ታች ወረደበት። ትናንት ከሥራ ሲወጣ ባለ አንድ ኪሎ እርሳሶችን ስድስት አድርጎ ነበር የሰካበት። ቆጠረ፤ ስምንት ናቸው። ከዳር ያሉት ሁለቱ ውሃ ያንጠባጥባሉ።

የዕቃ ክፍሉ ጣሪያ አያፈስም፤ ቁልፉም ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ሁለቱን እርሳሶች ገልብጦ አየ። ጀርባቸው ላይ በሚስማር የተጫረች ትንሽ ዓሣ አለች። ክው አለ። እነዚህን እርሳሶች ከዓመት በፊት፣ ታላቅ ወንድሙ በተቀበረ ማግስት፣ በገዛ እጁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባቸው ነበር።

መሳቢያውን ነካካው። እንደተቆለፈ ነው። ሲከፍተው ግን ባዶ ነበር። እርሳሶቹን ከቀበቶው ፈትቶ ከተታቸው፣ ቆለፈ፣ እጁን በጨርቅ አደረቀ።

ሚዛኑ የሚለው ስም የወጣለት ለግድቡ ጠላቂዎች ክብደት የሚያስተካክለው እሱ ስለሆነ ነው። ጠላቂ ውሃው ገፍቶ እንዳያንሳፍፈው ወገቡ ላይ እርሳስ ይታጠቃል፤ ልኩ ደግሞ እንደተሸከመው የአየር ሲሊንደር ይለያያል። አምና በብረቶቹ ምትክ ወፋፍራም የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች መጡ። ሚዛኑ አንዱን ሚዛን ላይ ቢያወጣው ከብረቱ በሁለት ኪሎ በለጠ። እንግዲያው ብሎ ከወንድሙ ቀበቶ ስምንት እርሳሶች ሁለቱን ቀነሰ። ወንድሙም "ተባረክ፣ ወገቤን ገላገልከው" ብሎት ወረደ።

አሉሚኒየሙ የሚከብደው የብስ ላይ ነው። ውሃ ውስጥ አየሩ እያለቀ ሲሄድ እንደ ባዶ ጀሪካን ሽቅብ ይጎትታል። ወንድሙን ከታች ነጥቆ አወጣው፤ በድንገት ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ ሳንባውን ቀደደውና ሞተ። መርማሪዎቹ "ደንግጦ ወጣ" ብለው ጻፉ። ሚዛኑም "ወትሮም ስድስት ነው የሚታጠቀው" ብሎ ፈረመ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ጠግቦ አያውቅም።

ዛሬ የምትወርደው የወንድሙ ሚስት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ብረቶቹ ዝገው ተጥለዋል። በብረቱ ጊዜ ስድስት ትታጠቅ ነበር፤ በአሉሚኒየሙ ሁለት መጨመር እንዳለበት ሚዛኑ አሳምሮ ያውቃል። ቢጨምር ግን "ለእሱስ ያኔ ለምን አልጨመርክለትም?" መባሉ አይቀርም። ቀጭን ስለሆነች ስድስት ይበቃታል ብሎ ራሱን ሸንግሎ ነው ያደረው።

ሲሊንደሩን በር ላይ አቁሞ ተመለሰ። ማንጠልጠያው ላይ ስምንት እርሳስ አለ። ሁለቱ ያንጠባጥባሉ።

"ሚዛኑ፣ አለህ?"

"አለሁ እታለም፣ ግቢ።"

የጠላቂ ልብሷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ገባች። "ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?"

"ብርዱ ነው።"

"እኔም እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጄን ትምህርት ቤት ምን እንደሚሏት ታውቃለህ? የፈሪ ልጅ። ዛሬ በሥርዓት ወርጄ በሥርዓት እወጣለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ተቀይሜዋለሁ። ሃያ ዓመት ውሃ ውስጥ የኖረ ሰው እንዴት በመጨረሻ ይደነግጣል?"

ሚዛኑ ጀርባውን ሰጥቷት ቀበቶው ላይ አጎንብሷል። ጣቶቹ ሁለቱን እርሳሶች ለመፍታት ዘለበቱን ይዘዋል። ከእርሳሶቹ የሚወርደው ውሃ ጫማው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ እንደ ግድቡ ግርጌ ውሃ ይቀዘቅዛል። ፈራ። ከፍርሃቱም ይልቅ አፈረ።

"አልደነገጠም" አለ።

"ምን አልክ?"

"ወንድሜ አልደነገጠም። እነዚህን ሁለቱን ያን ቀን የፈታሁበት እኔ ነኝ። ሲሊንደሩ ነው ጎትቶ ያወጣው።"

ሁለቱን እርሳሶች ፈትቶ ሰጣት፤ ተቀብላ ገለበጠቻቸው። ዓሣዎቹን ከዓመታት በፊት የጫረቻቸው ራሷ ነበረች። በአውራ ጣቷ ብዙ ጊዜ ዳሰሰቻቸው።

"ባዶ ሲሊንደር አምጣ" አለች። "በሩ አጠገብ ያለውን በርሜልም ውሃ ሙላ።"

ሞላ። ባዶውን ሲሊንደር ውሃው ውስጥ ከተተችው፤ ተንሳፈፈ። በመዳፏ ወደ ታች ተጫነችው፣ ለቀቀችው፤ ተመልሶ ወጣ። ሁለቱን እርሳሶች በገመድ አሰረችበት። ቀስ ብሎ ወርዶ ታች ተቀመጠ።

"ይሄንን ለመርማሪዎቹ ትናገራለህ።"

"እናገራለሁ።"

"ለልጄም።"

ሚዛኑ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

እርሳሶቹን ከበርሜሉ አውጥታ ቀበቶው ላይ መለሰቻቸው። ሚዛኑ አያቸው፤ አሁን ከውሃ የወጡት እርሳሶች ደርቀው ነበር። እንደ ወትሮው ሊያስታጥቃት ጠጋ ሲል በእጇ ገታችው። ስምንቱንም ወገቧ ላይ አዞረችና ዘለበቱን ራሷ ቆለፈችው።