ከጠረጴዛው ማዶ የተማረች እጅ

በየነ ከመናገሩ በፊት ሦስት ጊዜ ይለካል፤ ሰብለ ተናግራ ካበቃች በኋላ ትለካለች። እሱ በሰው አገር፣ አል-ሳሃፋ በሚባል ሰፈር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጀላቢያ የሚሉትን ረጅም የወንድ ቀሚስ ሲሰፋ አንድ ክንድ ጨርቅ አበላሽቶ አያውቅም። እሷ አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ተምራ በዲፕሎማ የመጣች፣ ያበላሸችውን ጨርቅ ብዛት በኩራት የምታወራ ናት። የሚስቱ የዘርፈሽ ታናሽ እህት ባትሆን ኖሮ በአንድ ሱቅ አንድ ቀን አብረው ባልዋሉ ነበር።

የሚያጣላቸው የፋሪሃ ትምህርት ነበር። ፋሪሃ የወሎ ልጅ ናት፤ ካፉሪ ሰፈር በአንድ ባለጠጋ ቤት ትሠራለች፤ ዕረፍቷ አርብ ብቻ ነው። አሠሪዎቿ በከተማው የተነሣውን ሁከት ሸሽተው በወሩ መጨረሻ ካይሮ ሊሄዱ ተነሥተዋል። እስከዚያ በመርፌ መተዳደር ካልቻለች ማደሪያም ሥራም የላትም። በየነ ግን ሕግ አለው፤ ተማሪ ዓመት ሙሉ ያያል እንጂ መቀስ አይነካም። እሱም የተማረው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ፋሪሃ አሥር አርብ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ ዱካ ላይ ተቀምጣ እጁን ስታይ ከረመች። ሰብለ ዋና በማየት አይለመድም እያለች ስትነዘንዘው፣ ኮሌጅሽ ያስተማረሽ ጨርቅ መጨረስ ነው ይላታል።

የአገሬው መንግሥት በወደቀ በሁለተኛው ሳምንት፣ አርብ ጠዋት፣ በየነ የታመመ ወዳጁን ሊጠይቅ ቡሪ ሰፈር ሄደ። ተቃዋሚ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይና በጎማ ዘግተውት ነበርና እስከ አሥር ሰዓት አልተመለሰም። ሰብለ ቀኑን አላባከነችም። ጠዋት ለፋሪሃ መቀሱን ሰጥታ ጋዜጣ አስቆረጠቻት፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ለሠርጉ ያዘዘውን ነጭ ጀላቢያ አሰፋቻት። ዞር ብላም አላየቻትም፤ አጠገብ የሚቆም አስተማሪ እጅ ያስራል ባይ ናት።

በየነ ሲገባ ጀላቢያው ተሰቅሏል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ የደረት ኪሱ ግን በለባሹ ግራ መሆን ሲገባው በቀኙ ተሰፍቷል። ፊቱ ጠቆረ። ሰብለን በሌለበት የደንበኛ ጨርቅ የምታስነካ ሌባ አላት፤ ከአገር ያመጣትንም ቀን ረገመ። ከዚያ ወደ ፋሪሃ ዞረ።

«ኪስ በቀኝ ማን አስተማረሽ? እሷ ናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ ኡስታ» አለች ፋሪሃ፣ አገሬው የሙያ አለቃን በሚጠራበት ስም፣ አንገቷን ደፍታ። «ወላሂ፣ እዚያ ተቀምጬ ሳይ ኪሱ ሁልጊዜ በግራ እጄ በኩል ነበር። ዛሬም በግራ እጄ በኩል ሰፋሁት።»

በየነ ማዶ ያለውን ዱካ አየ። ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ልብስ ለእሱ ቀኝ የሆነው ሁሉ ለእሷ ግራ ነበር። ሰብለ ሳቀች፤ ሳቋ ከስድብ ይብስ ነበር።

«ጋሼ፣ ዓመቱ ቢሞላላት ኖሮ ሰውዬውንም ገልብጣ ትሰፋው ነበር።»

በየነ ዱካውን አንሥቶ ወደ ራሱ ጎን አመጣው።

«እዚህ ትቀመጫለሽ» አላት ፋሪሃን። «ዓመቱ ከዛሬ ይቆጠራል።»

ለወሩ መጨረሻ የቀሩት አሥራ ሁለት ቀናት ነበሩ። ፋሪሃ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። የሰብለ ሳቅም ተቋረጠ።

በማግስቱ በበየነ ቤት ምሳ ላይ እሱና ሰብለ ጨው እንኳ የተቀባበሉት በዘርፈሽ እጅ ነበር። የበየነ ልጆች በልተው ሊነሡ ሲሉ ሰብለ አስቀመጠቻቸው።

«ሁላችሁም ስሙ፤ ጋሼም ደስ ካላቸው ይስሙ። ነገ የስፌት መኪናዬን ይዤ እወጣለሁ። ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል ተከራይቻለሁ። ፋሪሃ ከአሠሪዎቿ ተሰናብታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ከመጀመሪያው ቀን ትቆርጣለች፣ ታበላሻለች፣ ፈትታ ትሰፋለች። ጨርቁ የእኔ ነው።»