ጠፈጠፉ የት ይሂድ

ከጣርማ በር እስከ ኮምቦልቻ መንገዱን ተከትሎ ከቆመው ግንብ ግማሹ የእኔ የብርሃኔ እጅ ያረፈበት ነው። ቀሪው ግማሽ የእኔን አይቶ የተሠራ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቤቱ ውሃ የገባበት ሰው ወደ እኔ ነው የሚሮጠው። ውሃውም ስሜን ሲሰማ ከመንገድ ይመለሳል ይባላል። ያስወራሁት እኔ ብሆንም፣ ይባላል።

በሐምሌ መጀመሪያ ዓሊያ ጠራችኝ። ከአባቷ በወረሰችው የድንጋይ ቤት፣ ላዩ ሱቅ ታቹ ምድር ቤት በሆነ፣ የማሾ ዘር ትነግዳለች። ቤቱ ግራና ቀኙን ከጎረቤት ጋር ተጠጋግቷል። የምድር ቤቱ ግድግዳ ማላብ ጀምሯል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ዘር ተቀምጧል። «የአርባ ገበሬ ዘር!» አልኩ።

«አሥራ ሁለት ነው፣ ጋሼ» አለች።

ከጀውሃ በታች የሚያርሱ ዘመዶቿ በአደራ ያስቀመጡት ነው። ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ ይዘራል። ከረጠበ ጆንያው ውስጥ ይበቅላል፤ ከበቀለ ዘንድሮ የሚዘሩት የላቸውም። ባሏ ረድዋን ጆንያዎቹን የሚያሸሽበት አይሱዙ በር ላይ አቁሟል።

«መኪናውን መልሰው» አልኩት። «ግድግዳውን ከውስጥ በሲሚንቶ እለስነዋለሁ። ከነገ ወዲያ እዚህ ክብሪት ብትጥል ሳትጭረው ይቀጣጠላል።»

አመነኝና መለሰው።

ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስወርድ ልስኑ እንዳማረበት ቆሟል። ውሃው ግን ከሥሩ፣ ወለሉና ግድግዳው ከሚገናኙበት፣ እየተንፎለፎለ ይወጣል። «እስከ ጉልበት ደርሷል» አልኩ።

«ቁርጭምጭሚት» አለ ረድዋን፣ ጆንያ ተሸክሞ ደረጃውን እየወጣ። ሱቋ በወጡት ጆንያዎች እስከ ጣሪያ ሞልታለች፣ ውጭው ዶፍ ነው፣ የአይሱዙው ሾፌር ደሴ ገብቷል።

በጨርቅ ጠቀጠቅኩ፤ በሌላ በኩል ወጣ። ሲሚንቶ ለጠፍኩ፤ ገፍቶ ጣለው። ከዚያ በባልዲ መቅዳት ያዝኩ። «መቶ ባልዲ ሞላ» አልኩ። ያረመኝ የለም።

ዓሊያ አንዱ ጆንያ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች።

«ሞቋል» አለች። ማሾ ሊበቅል ሲል ይሞቃል። «ወላሂ ሞቋል፣ ጋሼ። የአጎቴ የሰዲቅ ነው። ምን ብዬ ነው የምነግረው?»

ውሃው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል፤ ግን የምለውን ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ የሮቢ ወንዝ ከመሬት በታች መጣ ልል። አፌን ከፈትኩ። እጇን ከጆንያው አላወጣችም።

እዚህ አገር ሁለት ቤት ጎን ለጎን ሲሠራ አባቶች በመካከሉ አንድ ክንድ ይተዋሉ። የሁለቱም ጣሪያ ጠፈጠፍ በዚያ ይወርድና ወደ መንገዱ ቦይ ይሄዳል። ከአምስት ዓመት በፊት የሆቴል ባለቤቷ ጎረቤት፣ እትዬ ወይንሸት፣ ለቢራ ሣጥን ማስቀመጫ ቦታ ጠበበኝ ስትል ያንን ክፍተት በኮንክሪት የሞላሁት እኔ ነኝ። ሰው እየጠራሁም አስጎብኝቻለሁ። የጓሮው ውሃ መውጫ ሲያጣ ክረምት በክረምት በዓሊያ ግድግዳ ሥር ሰረገ፤ ዘንድሮ ጥሶ ገባ።

«ዓሊያ፣ ውሃውን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ» አልኩና ነገርኳት።

እጇን ከጆንያው አወጣች። «መዝጋቱን ካወቁበት መክፈቱንም ይወቁበት» አለች።

እትዬ ወይንሸት መዶሻና መሮ ይዤ ስታየኝ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ አይደለህም ‹በዚህ ጉንዳን ካለፈ ስሜን ቀይሩት› ያልከኝ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ማን እንበልህ?»

«እንደፈለጉ ይጥሩኝ፣ እትዬ። ብቻ ሣጥኖቹን ያንሱልኝ። የዓሊያ ዘር እየበቀለ ነው።»

እየተራገመች የመጀመሪያውን ሣጥን ራሷ አነሳች።

በሕይወቴ ሥራዬን የረገምኩት ያን ቀን ነው። ኮንክሪቱ አልሰበር አለ። መዳፌ ተላጠ፤ ረድዋን ተቀበለኝ፣ መልሼ ተቀበልኩት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ተሰነጠቀ፤ ጭቃው ውሃ በእግራችን መሀል አልፎ ወደ ቦዩ ወረደ። ምድር ቤቱ ውስጥ የሚንፎለፎለው ቆመ።

ሠላሳውንም ጆንያ ፈታን። ከታች ተደርድረው የነበሩት ነጭ ነጭ ጭራ አውጥተዋል። ዓሊያ ለአጎቷ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ።

«እርስዎ ይንገሩት።»

«ስንት ተበላሸ?» አለ ጋሽ ሰዲቅ።

«ዘጠኝ ጆንያ። አምስቱ የእርስዎ ናቸው።»

«ብርሃኔ ነህ እንዴ?» ትንፋሹ ተመለሰ። «አልሐምዱሊላህ። አንተ ዘጠኝ ካልክ ሁለት ቢሆን ነው።»

«ዘጠኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ተው እንጂ።»

«ዘጠኝ ነው» አልኩት። የእሱ አገር ዝናብ በስልኩ ውስጥ እየተሰማኝ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት።