ከቤት ቤት የዞረው እሳት ማጥፊያ

ዋሂዳ ከቡፌው ጀርባ አንገቷን አስግጋ አየች። አቧራ፣ የተረሳ የቻርጀር ገመድና አንድ የልጅ ካልሲ እንጂ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ፈለገች፤ የለም። ከበሩ ጀርባም ጃንጥላ ብቻ ተንጠልጥሏል። እመቤት ከጓዳ ሻይ ይዛ ስትመለስ እንግዳዋ ሶፋው ላይ በመቀመጥ ፈንታ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከሶፋው ሥር ስታጮልቅ አገኘቻት።

“ምን ጠፋብሽ ዋሂዳ?”

“ለቤት ምረቃሽ ያመጣሁልሽ እሳት ማጥፊያ የት ነው?”

እመቤት ሻዩን ጠረጴዛው ላይ በጣም ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

“ውስጥ ነው። መኝታ ቤት።”

“እንግዲያው አምጪልኝ።”

“መጀመሪያ ሻይሽን ጠጪ እንጂ። ከዳንግላ ድረስ የመጣሽው ለእሱ ነው እንዴ?”

እውነትም ለእሱ ነበር። ዋሂዳ ከባሏ ከመርዋን ጋር ዳንግላ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር አላት። ሚስማር፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ቀያይ እሳት ማጥፊያዎች ይደረድራሉ። ባለፈው ሰሞን ዕቃውን የሚያስመጣላቸው የአዲስ አበባ ነጋዴ ደወለ። ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ያላቸው ማጥፊያዎች እንከን ተገኝቶባቸዋል፤ ሲጫኗቸው እጀታው ይጣበቅና ዱቄቱ አይወጣም፤ ከሸጣችሁላቸው ሰዎች ላይ ሰብስቡ፣ ምትክ እንልካለን አለ።

ሌላ ነጋዴ ቢሆን እሺ ብሎ ስልኩን ይዘጋና ይረሳው ነበር። ዋሂዳ ግን ነገሩን በዓይኗ ሳታይ የማትተኛ ሴት ናት። መደብር ውስጥ ከቀሩት አንዱን ይዛ ጓሮ ወጣች፣ የደኅንነት ቀለበቱን መዘዘችና እጀታውን ተጫነችው። ምንም የለም። በሁለት እጇ ተጫነችው፤ አሁንም ምንም። መርዋን በመስኮት እያያት ሲስቅ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ይህን ዕቃ አምኖ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ዓይኗ ላይ መጣባት።

ከዚያ በኋላ ያላንኳኳችው በር የለም። ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን ይሰቅልበታል። ፀጉር አስተካካዩ ከመስታወቱ ጎን አስቀምጦ በየጠዋቱ ይወለውለዋል። የሚኒባሱ ሾፌር ከድንች ጆንያ ሥር ቀብሮት ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ብቻ ያወጣዋል። የግፊት መለኪያውን መርፌ አይቶ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አላገኘችም። ይህ ነገር ያናድዳታል፣ ደግሞም በጣም ያስገርማታል፤ ሰው የገዛውን ነገር ምን ያደርግበት ይሆን የሚለው ጥያቄ ከሥራው በላይ ይጎትታት ጀመር። ሁሉንም ለወጠችላቸው። የቀረው ያልሸጠችው አንዱ ብቻ ነው። የብዙ ዘመን ጎረቤቷ እመቤት ወደ ዞን ጽሕፈት ቤት ተዛውራ እንጅባራ ቤት ስትሠራ፣ ብርጭቆማ ሁሉም ሰው ያመጣል ብላ በስጦታ የሰጠቻት ነው።

“ሻዩን ጠጣሁ፤ አሁን አምጪው” አለች ዋሂዳ።

“የመኝታ ቤቱ ቁልፍ ልጄ ሕይወት ጋ ነው። እሷ ደግሞ ወጥታለች።”

“በሩ ክፍት ነው እኮ። አልጋሽ ከዚህ ይታያል።”

እመቤት ዞር ብላ በሩን አየችው። ዋሂዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ስሚኝ እመቤት። ዕቃው አይሠራም። እሳት ቢነሳና ብትጫኚው ዝም ነው የሚልሽ። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት እንጂ ስጦታዬን ልቆጣጠር አይደለም።”

እመቤት ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ።

በእኛ ከተሞች የስጦታ ዕቃ እግር አለው። ለአንዱ ቤት ምረቃ የመጣ የብርጭቆ ካርቶን ሳይከፈት ለሌላው ሠርግ ይሄዳል፤ ከሠርጉ ለልደት፣ ከልደቱ ለአራስ ጥየቃ ይሻገራል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም ግን አደረግሁ አይልም። ዕቃውን ያመጣው ሰው ፊት ሲሆንማ ከመናገር መዋሸት ይቀላል።

“ለአድማሴ ሰጠሁት” አለች እመቤት በመጨረሻ። “ወንድሜ ሱቅ ሲከፍት ባዶ እጄን ልሄድ ሆነና… እንደነበረ ከነላስቲኩ ነው የሰጠሁት። ተቆጣሽ?”

“ተቆጥቻለሁ። እሱን በኋላ እንጨርሰዋለን። አሁን አድማሴ ጋ ደውይ።”

እመቤት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ደወለች።

“አድማሴ፣ ያ የሰጠሁህ ቀይ እሳት ማጥፊያ አለ?”

“አለ እትዬ፣ ቤት ነው” አለ ሰውየው።

“የት ቤት?”

ኔትዎርኩ የተቆረጠ መሰለ። ግን አልተቆረጠም ነበር።

“ሰው ቤት” አለ አድማሴ። “ቤት እንኳ አይደለም። ጓደኛዬ ይኸነው ጀልባ ገዝቶ ዘንገና ሐይቅ ላይ ሥራ ሲጀምር… መቼም እሳት ማጥፊያ ለጀልባ የተሠራ ነው የሚመስለው እትዬ። ምነው፣ ሰጪዋ ጠየቀች እንዴ?”

“እዚሁ ሆና ትሰማሃለች” አለች እመቤትና ስልኩን ዘጋችው።

ዋሂዳ ሳቋን ያፈነችው በግድ ነው። ሳቋ ግን ዕድሜ አላገኘም። ጀልባ ሞተር አለው፣ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል፣ ቤንዚን ላይ እሳት ሲነሳ ደግሞ ውኃ መሀል ያለ ሰው የሚሮጥበት የለውም። ተነሥታ ሻርፗን አስተካከለች። ይዛው የመጣችውን ቦርሳ ስታነሣ እመቤት ወደ ውስጥ አየት አደረገች። ላስቲኩ ያልወለቀለት፣ የብረት እጀታ ያለው አዲስ ማጥፊያ ነበር።

“ምትኩ ይህ ነው?”

“ይህ ነው። የቀረኝም እሱ ብቻ ነው። ሌላ መቼ እንደሚልኩልን አይታወቅም።”

“ለእኔ ነው አይደል?”

“ላንቺ ብዬ ነው ያመጣሁት።”

“እንዳትረሺ” አለች እመቤት ነጠላዋን እየወሰደች። “ያኔ ስሰጠው በከሰል ነበር የምሠራው። አሁን ቡታጋዝ ገዝቻለሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በለኮስኩት ቁጥር ፊቴን አዙሬ ነው። ሕይወት ብቻዋን ስትለኩሰውማ ልቤ አፌ ላይ ይመጣል። አብሬሽ እሄዳለሁ።”

ባጃጁ ከከተማ ወጥቶ በዋናው መንገድ ዳር የተደረደሩትን የከሰል ጆንያዎች እያለፈ ወደ ዘንገና ወሰዳቸው። ሾፌሩ መንገዱን ሁሉ በአዊኛ ስልክ ሲያወራ ነበር። የጥር ወር እሑድ ስለሆነ ሠርገኛ የጫኑ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ይቀድሟቸዋል። ሁለቱ ሴቶች ስለ ስጦታው አላነሡም። ዋሂዳ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋለች፤ እመቤትም አንድ እጇን ቦርሳው ላይ ጣል አድርጋለች።

ሐይቁ ከዛፎቹ መሀል ድንገት ነው ብቅ የሚለው፤ ክብ፣ ጠቆር ያለና ጸጥ ያለ ነው። ጥልቀቱ መጨረሻ የለውም የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እመቤትም ከእነሱ አንዷ ስለሆነች ከዳርቻው ራቅ ብላ ቆመች። በዳርቻው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጀልባ ታስሯል። ሙሽሪት ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ትጠብቃለች፤ ሚዜዎቹ ብርቱካናማ ሰደርያ እየለበሱ ይሳሳቃሉ፤ ቪዲዮ አንሺው ፀሐይዋን እያየ ይቁነጠነጣል።

ይኸነው እመቤትን ሲያይ እየሮጠ መጣ። ሠላሳዎቹ ውስጥ የገባ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሰው ነው።

“እንኳን ደህና መጡ እትዬ እመቤት።”

“ይህች ዋሂዳ ናት፣ የዳንግላ ጎረቤቴ። እሳት ማጥፊያህን ልታይ ነው የመጣችው።”

“ልታየው?” ይኸነው ደስ አለው። “ይምጡ፣ ይግቡ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ይሄው ማጥፊያ አለን፣ አትፍሩ እላቸዋለሁ።”

ማጥፊያው ጀልባው ፊት ላይ እንደ ታቦት ተከብሮ ተቀምጧል። የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልወለቀለትም። በዚያ ላይ ከላይ እስከ ታች በወፍራም ሽቦ ተጠምጥሟል።

“ሽቦው ለምንድን ነው?” አለች ዋሂዳ።

“ሠርገኛው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ፎቶ ይነሡበታል፣ ይነካኩታል። አሁን እንኳን ሰው እኔም አልፈታውም።”

“እሳት ቢነሳ በምን ትፈታዋለህ?”

“በፒንሳ።”

“ፒንሳው የት አለ?”

ይኸነው ወደ ጀልባው ወለል አየ፣ ወደ ሞተሩ አየ። “ቤት ነው” አለ።

ዋሂዳ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ለመርዋን ለመንገር ትቸኩል ነበር። አሁን ግን አልቸኮለችም።

“ተነሥቶብህ ያውቃል?”

“እሳት? ባለፈው ከሞተሩ ጭስ ወጣ፣ ነበልባልም ብልጭ አለ። በእርጥብ ጨርቅ አፈንኩት። ግን አልደነገጥኩም፤ እሱ አለልኝ ብዬ።” በአገጩ ወደ ማጥፊያው ጠቆመ።

ዋሂዳ ዕቃው እንደማይሠራ ነገረችው። ይኸነው አላመናትም፤ ሴትዮዋ ሌላ ልትሸጥለት የመጣች መሰለው፤ ፊቱ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። ከሠርጉ መኪና ሾፌሮች አንዱ ጋ ሄዶ ፒንሳ ተዋሰና ሽቦውን ፈታ፣ ላስቲኩን ቀደደ፣ ቀለበቱን መዘዘ። የማጥፊያውን አፍ ወደ ሣሩ አዙሮ ተጫነ። ሚዜዎቹ የሚረጭ ነገር ይመጣል ብለው ወደኋላ ሸሹ። ምንም አልመጣም። በሁለት እጁ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ተጫነ። ከአፉ ጫፍ ትንሽ ነጭ ብናኝ ወጣና ቆመ።

አንዱ ሚዜ ሳቀ። ይኸነውም ሳቀ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

“ያን ቀን” አለ ለዋሂዳ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “እናቴ ነበረች ጀልባው ላይ። ሐይቁን መሀሉ ድረስ አሳይሻለሁ ብዬ።”

ዋሂዳ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

“ወንድሜ እንሂድ እንጂ፣ ፀሐይዋ እየወረደች ነው” አለ ቪዲዮ አንሺው።

ይኸነው ሙሽሪትን አየ፣ ከሞተሩ አጠገብ የተቀመጠውን የቤንዚን ጀሪካን አየ።

“አልሄድም” አለ። “ቀብዳችሁን እመልሳለሁ።”

ሙሽራው ተቆጣ፣ ሚዜዎቹ ተንጫጩ፣ ሙሽሪት ቀሚሷን ለቀቀችውና ጫፉ ጭቃ ነካ። ይኸነው ከተቀመጠበት ቀና ብሎ ዋሂዳን ብቻ ጠየቃት።

“እትዬ፣ ሌላ የለዎትም?”

ዋሂዳ የቦርሳውን ማንገቻ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እመቤት ከዳርቻው ርቃ ከቆመችበት መጥታ አጠገቧ ደርሳ ነበር።

“እሱ የእኔ ነው” አለች እመቤት ፈጥና። “ቤቴ እሳት አለ ዋሂዳ። ልጄ ናት የምትለኩሰው። ቅድም ላንቺ ነው ብለሽኛል።”

“ብዬሻለሁ።”

ዋሂዳ ለይኸነው ብትሰጠው ማንም አይወቅሳትም ነበር። ሁሉም ሰው ዓይኑን ቦርሳው ላይ ተክሏል። እሷ ግን ያሰበችው ስለ እመቤት ነው፤ ጆሮዋ እስኪቀላ ያፈረችው፣ ክፍት በር እያለ ቁልፍ የለም ያለችው፣ ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤቷ የነበረች ሴት። በዚህ ሰዓት ማጥፊያውን ከእጇ ብትነጥቃት ዳግመኛ እውነት አትነግራትም። ደግሞም የልጅቷ ነገር እውነት ነው። ዋሂዳ ይህን ጓደኝነት ማጣት አልፈለገችም፤ ጀልባውንም ያለ ማጥፊያ ሲሄድ ማየት አልፈለገችም። ሁለቱን አንድ ላይ የምታደርግበት መላ ግን አልነበራትም።

ማጥፊያውን አወጣች። ውስጡ ያለው ዱቄት እንዳይረጋ ገልብጣ ነቀነቀችው፣ መርፌው አረንጓዴው ላይ መቆሙን ለእመቤት አሳየቻት፣ ከዚያ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላት።

“ያንቺ ነው። ቤትሽ ብትሰቅዪው፣ ለሰው ብትሰጪው፣ የት ደረሰ ብዬ አልጠይቅሽም።”

“ሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?”

“ምንም አላደረግሁሽም። ሰጠሁሽ።”

እመቤት ማጥፊያውን እንደታቀፈች ቆመች። እመቤት ፊቷን እንዳታይባት ብላ ዋሂዳ ወደ መንገዱ ዞረች፤ የምትሄድበት ባጃጅ እንዳለ ሁሉ ሻርፗን አጠበቀች።

“በሽቦ እንዳታስረው” የሚል የእመቤት ድምፅ ሰማች። “ላስቲኩንም አሁኑኑ እፊቴ ቅደደው።”

ዞራ ስታይ ማጥፊያው ይኸነው እጅ ላይ ነበር። እመቤት ግን ዋሂዳን አላየቻትም። ስልኳን አውጥታ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

“ሕይወት፣ ቡታጋዙን ዝጊው። ከላይ ሳይሆን ከሲሊንደሩ። እኔ እስክመጣ እንዳትነኪው፣ ራት በከሰል ነው… ምነው ማለት ምንድን ነው? እሳት ማጥፊያው የለም። ዋሂዳ የሰጠችኝን?” ድምጿን ከፍ አደረገች። “እሱን ለሰው ሰጥቼዋለሁ።”